ሳሉ ይለዝብ፣ ትንፋሹ ይቆጠር

ወለጋ ላይ ክረምት ሲጠና ልብስ አይደርቅም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀውና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በተቀመጠችው ነቀምቴ፣ ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም እምብዛም ፋታ አይሰጥም። መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቤተሰቡ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ድክ ድክ ማለት የጀመረው ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሳል የሚነቃው በዚህ ወቅት ነው። እናት አቅፋ ቀና ታደርገዋለች፣ ጀርባውን ታሻለች፤ መብራት ይበራል፣ ቤቱም አብሮ ይነቃል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ድምፆች ይሰማሉ። አያትየዋ፣ አኮ፣ «ማር በለብታ ውኃ ስጡት» ይላሉ። አባት «ሲነጋ ከፋርማሲ ሽሮፕ እገዛለታለሁ» ይላል። በማግስቱ ቡና የተጠራች ጎረቤት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንጥሉ ወርዶ እንዳይሆን፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» ትላለች። ማር፣ ጠርሙስ፣ ምላጭ። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ ልጅ ሲያስል ቤተሰብ በእነዚህ ሦስቱ መካከል ይዋልላል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በሦስቱ መካከል አንድ ለውጥ ተካሂዷል። የወለጋ ከተሞች ከማሩ ወደ ጠርሙሱ ሲሻገሩ፣ የዓለም ሕክምና ደግሞ ከጠርሙሱ ወደ ማሩ እየተመለሰ ነበር። ሁለቱ ሳይተያዩ መንገድ ላይ ተላለፉ። እኛ የዘመናዊነት ምልክት አድርገን የያዝነውን ጠርሙስ፣ የሠራው ዓለም ራሱ ከትንንሽ ልጆች እያራቀው ነው።

አራተኛ ድምፅም አለ፤ በብዙ ቤት ግን አይሰማም። «እስቲ ትንፋሹን እንቁጠር» የሚል ድምፅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ለእሱ ነው። ሳልን ማለዘብ የቤት ሙያ ነው፤ ቤቱም ያውቅበታል። ቤቱን የጎደለው መድኃኒት ሳይሆን መለየት ነው፤ የትኛው ሳል በማር እንደሚያድር፣ የትኛው ደግሞ ሌሊቱን ወደ ሐኪም እንደሚያስኬድ መለየት።

ምስጋናው የማን ነው?

ሳል በራሱ ጠላት አይደለም። አክታውን ጠርጎ ከመተንፈሻ ቧንቧ የሚያስወጣ የሰውነት ዘበኛ ነው። ትንሽ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ጉንፋን ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ወላጅን የሚያታልለው የሳሉ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ጉንፋን ካመጣው ሳል በ10 ቀን ውስጥ የሚገላገሉት ግማሽ ያህሉ ልጆች ብቻ ሆነው ተገኙ። ከአሥሩ ዘጠኙ እስኪሻላቸው 25 ቀን ገደማ ይፈጃል።

አብዛኞቻችን የምንጠብቀው ሦስት አራት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ሽሮፕ ይገዛል። በዘጠነኛው ቀን ሌላ ዓይነት ሽሮፕ ይጨመራል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንቲባዮቲክ ይመጣል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን የጎረቤቷ ምክር ይታወሳል። በሃያኛው ቀን ልጁ ይድናል፤ ምስጋናውንም መጨረሻ ላይ የተገኘው ይወስዳል። ቡናው ላይ «እኛስ በእሱ ነው የዳነልን» ይባላል፤ ወሬው ከቤት ቤት ይዞራል።

ይህን ሳንረዳ ጠርሙሱም ምላጩም ለምን እንደተወደዱ አይገባንም። ሰዉ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የሚመሰክረው። ምንም ባይደረግ ልጁ በዚያው ሳምንት ይድን እንደነበር ግን ማንም ሊያየው አይችልም። ጊዜ ሥራውን የሚሠራው በዝምታ ነው፤ ዋጋ ስለማይጠይቅም ባለውለታ ተብሎ አይቆጠርም።

ጠርሙሱ

ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ለአንድ ጉንፋን ከአንድ መድኃኒት ቤት ሦስት ጠርሙስ ይዤ ወጥቻለሁ፤ አንዱ ለሳል፣ አንዱ ለአፍንጫ፣ አንዱ አንቲባዮቲክ። ደረቷን ያየ፣ ትንፋሿን የቆጠረ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ባዶ እጄን ብመለስ ልጄን ያላሳከምኩ ይመስለኝ ነበር። ሻጭንም ወላጅንም አንድ ላይ የሚያስረው ይኸው ስሜት ነው። ምክር ዋጋ አይወጣለትም፤ ጠርሙስ ግን ይወጣለታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ሳልና ጉንፋን መድኃኒቶች ባወጣው ሰነድ፣ ለትንንሽ ልጆች ሳል በቤት የሚዘጋጅና ጉዳት የሌለው ማለዘቢያ እንዲመረጥ መክሯል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 የአሜሪካ አምራቾች ለጨቅላ ሕፃናት የሚሸጧቸውን የሳልና የጉንፋን ምርቶች በራሳቸው ከገበያ አነሡ። በጥር 2008 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እነዚህ መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ አስጠነቀቀ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። ሳሉን ከምንም በተሻለ እንደሚያስታግሱ የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘም፤ የልብ ምትን የሚያዛባ፣ ከባድ እንቅልፍ የሚጥል፣ ትንፋሽን የሚያዳክም ጉዳታቸው ግን ተመዝግቧል።

ከባድ እንቅልፍ ስላልኩት ትንሽ ልጨምር። ብዙዎቹ ሽሮፖች ውስጥ ለአለርጂ የሚሰጥ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት አለ። ልጁ ሽሮፑን ጠጥቶ ዝም ሲል ቤቱ በሙሉ «ተሻለው» ይላል። ልጁ ግን የተሻለው ላይሆን ይችላል፤ ደንዝዞ ይሆናል። ከባድ ሕመም የገባው ልጅ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ደግሞ መፍዘዝና መደንዘዝ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የሚሸሽገው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መለያው ላይ የተጻፈው ሲሆን ነው። ያልተጻፈበት ጊዜም አለ። ሽሮፕን የሚያሟሟው ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ነው። ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ደግሞ በመልክም በጣፋጭነትም ይመስላቸዋል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ሆን ተብሎም ይሁን በቸልተኝነት ይህ ኬሚካል ሽሮፕ ውስጥ ሲገባ የልጁ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ልጁ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ቀጥሎም ሽንቱ ይቋረጣል። አደጋው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በዚሁ ኬሚካል የተሟሟ አንድ ፈሳሽ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሎ፣ በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ ጥብቅ የመድኃኒት ሕግ እንድታወጣ ምክንያት ሆኗል።

ሰማንያ አምስት ዓመት ቆይቶ ያው ታሪክ ተደገመ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ በተገኙ አራት የሕንድ ሥሪት የልጆች ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በዚያች ትንሽ አገር ወደ 70 የሚጠጉ ልጆች በኩላሊት ጉዳት ሞተው ነበር። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ወደ 200 የሚደርሱ ልጆች ሞቱ፤ ኡዝቤኪስታንና ካሜሩንም ተከተሉ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በሕንዷ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ኮልድሪፍ የተባለ የሳል ሽሮፕ ከ20 በላይ ልጆችን ቀጠፈ። ሽሮፑ ሲመረመር ግማሽ ያህሉ ያ መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ መብለጥ የሌለበት መጠን 0.1 ከመቶ ነው። የሕንድ ጤና ሚኒስቴርም ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሳልና የጉንፋን መድኃኒት እንዳይታዘዝ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላሉትም ባጠቃላይ እንደማይመከር አሳሰበ።

ይህ ለነቀምቴ አባት የሩቅ ዜና አይደለም። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት መድኃኒት ብዙውን የምታስገባው ከውጭ ነው፤ ሕንድም ከዋነኞቹ ምንጮች አንዷ ናት። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ሥራውም በወደብ፣ በመጋዘንና በየመደብሩ መጥበቅ አለበት። የመጨረሻው በር ግን የቤቱ በር ነው። ሕይወት ለሚያድን መድኃኒት አደጋን መቀበል ተገቢ ነው። ጥቅሙ ኢምንት ለሆነ ነገር ግን ትንሽ አደጋም ብዙ ነው።

ማሩና ጢሱ

ወደ አኮ ምክር እንመለስ። ወለጋ የማር አገር ነው፤ ኢትዮጵያም በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ያ ማር ከጠጅ አልፎ በሳይንስ ሚዛን ሲቀመጥ ምን ይመዝናል?

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት የተካሄደ ጥናት 105 ልጆችን ወስዶ ከመኝታ በፊት ለአንዳንዱ ማር፣ ለአንዳንዱ በሰፊው የሚሸጥ የሳል ማስታገሻ፣ ለቀሩት ምንም ሳይሰጥ አነጻጸረ። ወላጆች የልጆቻቸውን ሳልና እንቅልፍ ሲመዝኑ ማሩ የተሻለውን ውጤት አገኘ። በእስራኤል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን 300 ልጆች የያዘ ሲሆን፣ ከተፈተኑት ሦስት የማር ዓይነቶች አንዱ የባሕር ዛፍ ማር ነበር። ሦስቱም ማሮች በመልክ ከሚመስላቸው የተምር ሽሮፕ በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኮክሬን ተመራማሪዎች ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ማር ሳልን በማስታገስ ምንም ካለመስጠት እንደሚሻል፣ ከተለመደው የሳል ማስታገሻም ብዙ እንደማያንስ ጻፉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጣፋጭና ወፍራም በመሆኑ ምራቅ ያመነጫል፣ የተቆጣውን ጉሮሮ ይለብጣል፣ ማሳከኩን ያበርዳል።

ስለዚህ አኮ ትክክል ናቸው። አንድ አጥር ግን ሊታለፍ አይገባውም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ጫፍ ጣት ላይ ተደርጎም አይቀመስም። ማር ውስጥ የሚገኝ ቦቱሊዝም የሚያመጣ ጀርም ያልጠነከረ አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያመነጫል። ዓመቱን ለዘለለ ልጅ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ማሩም ስኳር ያልተቀላቀለበት፣ ከሚታወቅ ሰው የተገዛ ይሁን።

የቀረው የቤት ሙያ ያን ያህልም ስም የለውም፤ ሥራው ግን የማሩን ያህል ነው። የሚጠባ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ጡት የጣለ ልጅ ለብ ያለ ውኃ፣ አጥሚት፣ የሾርባ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይውሰድ። የተደፈነ አፍንጫ ትንሽ ጨው በሟሟበት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጠብታ ረጥቦ ይጠረግ፤ አፍንጫው የተከፈተለት ልጅ ይበላል፣ ይተኛል። ትኩሳት ካለ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጥ።

የቤት የሆነ ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ልጅ አፍንጫ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቅቤ ወይም ዘይት ወደ ሳንባ ወርዶ ራሱን የቻለ የሳንባ ምች ያመጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚፈላበት ድስት ላይ ልጅን ማስጎንበስ የብዙ ልጆችን ፊትና ደረት ያቃጠለ ልማድ ነው። ተጨምቆ የሚጠጣ ጤና አዳም ለአዋቂ መጠን የለውም፤ ለልጅማ ጭራሽ የለውም። አፍንጫ ሥር የሚቀባ ካምፎር ያለበት ቅባትም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን ጢሱ አለ። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። እናት እሳት ዳር ስትቆም ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው፤ የጢሱን ድርሻ እኩል ይካፈላል። ቡናው ሦስት ዙር ሲፈላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ በሩ በብርድ ምክንያት ሲዘጋ፣ ሳሉን የሚያበላው ራሱ ቤቱ ይሆናል። በአንድ እጅ ማር እየሰጡ በሌላው ጢስ መስጠት አለ። ቡናችንን እንተው ማለቴ አይደለም፤ ወለጋን ቡናሽን ተዪ የሚል ማን ነው? የሚያስል ልጅ ባለበት ሳምንት ግን ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ በሩ ገርበብ ይበል፣ ልጁም ከጓዳ ይውጣ። ከሽሮፕ ሁሉ የሚልቅ፣ በነፃ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ምላጩ

እንጥል ቀይ ሆኖ ያበጠ የሚመስለው ጉሮሮ ስለተቆጣ ነው፤ ሳሉን ያመጣው እንጥሉ አይደለም። ስለዚህ እሱን መቁረጥ ሳሉን አይነካውም፤ ልጁን ግን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጠዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠርቶ ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች መድቧቸዋል። ሕጉ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልማዱ ግን ጨርሶ አልተነቀለም። ምክንያቱ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የቀን ቆጠራ ነው። ሳል ሃያ ቀን ሊቆይ እንደሚችል ላልተነገራት እናት ቅጣቱን ብቻ መንገር፣ ምላጩን ከቤት አውጥቶ ጓሮ መደበቅ ነው የሚሆነው።

አራተኛው ድምፅ

በብዙዎቹ ቀላል ሳሎች መካከል ከባዱ የሳንባ ምች ይደበቃል። እሱን የሚለየው የሳሉ ድምፅ፣ የሳሉ ብርታት ወይም የአክታው ቀለም አይደለም፤ የትንፋሽ ፍጥነት ነው። የታመመ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ስለሚያንሰው በቁጥር ያካክሳል። መለኪያው በጤና ኬላም በትልቅ ሆስፒታልም አንድ ነው። ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ ልብሱ ይገለጥና ሆዱና ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ ሕክምና ይሻል።

ሳይቆጠር የሚታይም አለ። አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ረጋ ብሎ ሳለ ጉሮሮው የሚያፏጭ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው፣ ሲጠሩት የማይነቃ ልጅ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሲጫወት ድንገት ትን ብሎት ማሳል የጀመረ ልጅም እንዲሁ ነው፤ የቡና ፍሬ፣ ኦቾሎኒ ወይም የበቆሎ ፍሬ ሳንባው በር ላይ ተቀርቅሮ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ ምንም ቀላል ቢመስል ለሳንባ ነቀርሳ ይታያል። አብዛኛው በራሱ የሚድን ቢሆንም ያንን የሚያረጋግጠው ሐኪም ነው።

በወለጋ አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። በደዴሳ ሸለቆና በየቆላው ወባ አለ፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በአገሪቱ ዳግም ሲያገረሽ ምዕራብ ወለጋ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ወባ የያዘው ልጅም ቶሎ ቶሎ ሊተነፍስና ሊያስል ይችላል። ትኩሳትና ሳል አብረው ከመጡ የጣት ደም ሳይመረመር «ጉንፋን ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ትንፋሽ የመቁጠሩ ዕውቀት ከሐኪም ቤት ወጥቶ መንደር የደረሰው በኢትዮጵያ ትልቅ ውሳኔ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ የሳንባ ምች እንዲያክሙ ግን አልተፈቀደላቸውም ነበር። በ2002 ዓ.ም. ተፈቀደ። ትንፋሽ ቆጥረው አንቲባዮቲክ ይሰጡ ጀመር፤ በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ደግሞ ከዋነኞቹ የሳንባ ምች አምጪዎች አንዱን የሚከላከል ክትባት ለሕፃናት ተጀመረ። በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019ኙ አገር አቀፍ ጥናት ቁጥሩ 59 ደርሷል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ትንፋሽ የሚቆጥሩት ሴቶች ድርሻ ግን ከሚጠቀሱት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጤና ኬላ የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ማንኪያ ላይ በጥቂት ንጹሕ ውኃ የሚሟሟ ክኒን ነው። በፋብሪካ የተዘጋጀ ፈሳሽ አይፈልግም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ልጅን ከሞት የሚያድነው መድኃኒት የሚያሸበርቅ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም ያለው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው ልጆች ወደ ሕክምና የተወሰዱት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለቀላሉ ሳል ወደ ፋርማሲ እንሮጣለን፤ ለከባዱ ግን ቤት እንቆያለን። ሁለቱም የሚመነጩት ካለመቁጠር ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

ወለጋ ለሕክምና እንግዳ አይደለችም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ፣ የኅዳር በሽታ፣ አገሪቱን ሲያዳርስ ምዕራቡም አልተረፈም። አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ የመጣው ያንኑ ተከትሎ በአካባቢው ገዥ ጥሪ ነበር። ስዊድናውያን በነቀምቴ፣ ጀርመኖች በአይራ፣ አድቬንቲስቶች በጊምቢ የሕክምና ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከወለጋ ዞኖች ብዙው ክፍል በጦርነት ውስጥ አልፏል። ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፣ ባለሙያዎች ተሰደዋል፣ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በተፋላሚዎቹ መካከል በታንዛንያ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የተደረጉት ሁለት የሰላም ንግግሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። የሰዓት እላፊ ባለበት ወረዳ ሌሊት ደረቱ የሚሰረጉድ ልጅ ያቀፈች እናት በሩ ላይ ቆማ ታመነታለች፤ ከኋላዋ በሽታው፣ ከፊቷ መንገዱ።

እዚህ ላይ የምናገረው ነገር በተሳሳተ መንገድ እንዳይወሰድ እፈራለሁ። ትንፋሽ መቁጠር የመንገድ ምትክ አይደለም። ለቤተሰቡ ዕውቀት ሰጥቶ ጤና ኬላውን ባዶ መተው፣ ልጁ እየሞተ መሆኑን ቀድማ እንድታውቅ ብቻ እናትን መቅጣት ነው። ስለዚህ የሚጠየቁት ብዙ ናቸው። ተፋላሚዎች ለአምቡላንስና ለታመመ ልጅ መንገድ ሊለቁ ይገባል። ጤና ቢሮዎች አሞክሲሲሊኑንና ሠራተኛዋን ወደ ኬላው ሊመልሱ ይገባል። ሬዲዮው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አርባንና ሃምሳን የሕዝብ ቁጥር ሊያደርጋቸው ይገባል። የመድኃኒት ባለሙያው ጠርሙሱን ከማንሣቱ በፊት «ዕድሜው ስንት ነው? ትንፋሹን ቆጠራችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ያን ቀን እኔ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ሳለሁ ቢጠየቅልኝ የምመኘው ጥያቄ ነው።

የቤቱ ድርሻ ደግሞ ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የመንደር ጤና ሠራተኞች ትንፋሽ የሚቆጥሩት በክር በተሰካ ዶቃ ነው፤ ቁጥር ያልተማረ ሰው እንኳ እንዳይሳሳት። ወለጋ ከዶቃ የሚሻል አላት። ዓመት ለዘለለ ልጅ አርባ የቡና ፍሬ ተቆጥሮ፣ ልጁ እጁን ከማያሳርፍበት ከፍታ በሰሃን ይቀመጥ። ሌሊት ሳሉ ሲቀሰቅሰው ማሩ ይቀመስ፣ ጡቱ ይሰጥ፣ ልጁ ይረጋጋ። ከዚያ አንዱ የስልኩን ሰዓት ይዞ «ጀምሩ» ይበል፤ አኮም ዓይናቸውን ከልጁ ሆድ ሳይነቅሉ ለእያንዳንዷ ትንፋሽ አንዲት ፍሬ ከሰሃኑ ያንሡ።

ደቂቃው ሞልቶ ሰሃኑ ላይ ፍሬ ከቀረ፣ ሌላም የአደጋ ምልክት ከሌለ፣ ሳሉ የቤት ነው፤ ተኙ። ሰሃኑ ባዶ ከሆነ ግን ልጁን በጋቢ ጠቅልላችሁ ተነሡ።